በጉንፋን ድምፅ የተባለ «እወድሻለሁ»

እናቴ ሳሎኑን በዘመድ ሞላችው። አጎቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ተዘርፍጧል፤ የወንድሜ ሚስት ልጇን ታቅፋለች፤ ጎረቤታችን እንኳ የራሱን ወንበር ተሸክሞ መጥቷል። ሁሉም የውድድሩን የመጨረሻ ክፍል ሊያይ ነው። እኔ መሃል ላይ እንደ ሙሽራ ተጎልቻለሁ።

ፀጉር ሠሪ ነኝ። ሴትና ወንድ አንድ ግቢ ውስጥ ዘግተው ካሜራ የሚደቅኑበት የፍቅር ውድድር ውስጥ የገባሁት፣ እውነቱን ልናገር፣ ባል ፍለጋ ነው። ሌሎቹ «ለልምድ ነው» ይላሉ። ውሸታም ሁላ!

እዚያ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ከአፉ ቃል በወረንጦ ካልሆነ ስለማይወጣ «ዝምታ» የሚል ስም አወጣንለት። ግን ጠዋት ሻይ ሲቀዳ የእኔን ያስቀድማል። የተቃጠለ የፀጉር ማድረቂያዬን ሳልጠይቀው ፈታትቶ ሠራልኝ። በቃ፣ ወደድኩት፤ ምኑን እደብቃለሁ? የቀረኝ ከአፉ መስማት ብቻ ነበር።

አልተናገረም። የመጨረሻው ቀን አትክልት ቦታው ላይ አቆሙንና «የምትላት ነገር አለ?» አሉት። አየኝ፣ አየኝና ዝም አለ። አዘጋጁ ቢጠብቅ ቢጠብቅ፣ «ሂዱ በቃ፣ እኛ እናስተካክለዋለን» አለን። ከዚያ ወዲህ ስልክ እንኳ አልደወለልኝም። ውድድሩ እስኪተላለፍ ድረስ ከልክለውት ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳጽናና ከረምኩ።

አሁን ቴሌቪዥኑ ላይ ያው አትክልት ቦታ መጣ። አየኝ። ካሜራው ወደ እኔ ፊት ዞረ። ከዚያ ድምፁ ተሰማ፤ «እወድሻለሁ።»

ቤቱ በአንድ እግሩ ቆመ። እናቴ «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አጎቴ «ይሄ ሰው አፍ አለው ለካ!» ብሎ ጭኑን መታ። እኔም፣ አይፈረድብኝ፣ ለአፍታ አመንኩ። ብሎኝ ይሆናል፣ ደንግጬ ሳልሰማው ቀርቼ ይሆናል አልኩ።

ግን ድምፁን ጉንፋን ዘግቶታል። አትክልት ቦታው ላይ የቆምን ቀን ደግሞ ጤነኛ ነበር። ጉንፋን የያዘው ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ ደረቱ ላይ እንደተሰካ፣ ለታመመች ታናሽ እህቱ ደውሎ ነበር። ዕቃ እያጠብኩ ሰምቼዋለሁ፤ «መድኃኒትሽን ዋጪ እንጂ የኔ እመቤት። እወድሻለሁ።» ቀንቼም ነበር። ያቺን ቃል ከእህቱ ቆርጠው እኔ ላይ ለጠፏት! ቋንቋችንም ተባበራቸው፤ አንዲት ቃል ናት፣ ስም የላትም፣ ለማንኛዋም ሴት ልክ ትሆናለች።

ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«አየሽው?» አለኝ።

«አየሁት።»

«እዚህም ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።» በረጅሙ ተነፈሰ። «አሁን አላልኩም ብል ሰው ምን ይለኛል? እንጋባ ካልሽ... እንጋባ።»

ልቤ ዘለለች፤ ውርደት አታውቅ!

«መጀመሪያ አንዴ ራስህ በለኝ» አልኩት።

«ምን ልበልሽ?»

«ቃሏን ነዋ። ለእኔ። አሁን።»

ጠበቅኩት። የሳሎኑ ሳቅ በበሩ ሥር ይገባል።

«ተብሏል እኮ» አለኝ።

«እንግዲያው ቴሌቪዥኑን አግባ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከውኃው ጄሪካን አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ድምፄ እንዳይሰማ ሻርፔን ነክሼ አለቀስኩ።

እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ፊቷ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

«እሱ ነው አይደል? ምን አለሽ የኔ ዓለም?»

ፊቴን ጠረግኩ።

«እወድሻለሁ አለኝ» አልኳት።