ከጣሪያው በፊት ሲጢጥ የሚለው ወንበር

ሶፋ አልባሹ የሙዚቃ ሸክላውን በገበር ጨርቅ እየወለወለ ነበር፤ ክቡን ተከትሎ፣ ሳይጫን፣ አባቱ እንዳሳየው። ጨርቁ ከትናንት ሥራ የተረፈ ነው። ሶፋ አልባሽ ቤት ምን ቢጠፋ የገበር ቁራጭ አይጠፋም። የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወንበር ተገልብጦ ተኝቷል። አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ ከመቀመጫው ሥር የሚመቱ ጥቂት ሚስማሮች ብቻ ቀርተውታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ የሚያልቀው ወንበሩ ነው ሸክላው?» አለች እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል። መጋረጃና የትራስ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ሱቁን አብረው ይዘውታል።

«ወንበሩ የትም አይሄድም፤ እግር ቢኖረውም።»

«ባለቤቱ ግን ይሄዳል። ያንተን ቦታ ይዞ።»

የወንበሩ ባለቤት የጥርስ ሐኪሙ ነው። ሐኪሙም ሶፋ አልባሹም በአንድ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ጓድ ውስጥ ቴነር፣ ከፍ ያለውን የወንድ ድምፅ የሚዘምሩ ናቸው፤ ሐኪሙ ከፊት ረድፍ፣ ሶፋ አልባሹ ከኋላ። በመጪው እሑድ ጓዱ ሽማግሌውን ኦርጋን ተጫዋች ያሰናብታል። ሽማግሌው ለስንብቱ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማታውን ጸሎት አንድ ሰው ለብቻው እንዲዘምርለት። የጓዱ መሪ፣ ቃሏን እየቆጠበች የምትናገር ሴት፣ ሶፋ አልባሹን ወደ ጎን ጠርታ «አንተ ብትዘምረው ደስ ይለኛል» አለችው። መልሱን እስከ ዛሬው የከሰዓት ልምምድ ካልሰጠ መዝሙሩ የሐኪሙ ይሆናል።

«ሐኪሙ ድምፁ ጥሩ ነው» አለ።

«ማን ጥሩ አይደለም አለ? ብቻ ሲዘምር በሰማሁት ቁጥር አፌን እንድከፍት ያዘዘኝ ይመስለኛል።»

ሶፋ አልባሹ ሳቀና ሸክላውን በማጫወቻው ላይ አስቀመጠ።

የማታው ጸሎት አጭር መዝሙር ነው። ዛሬ ማንም በማይነጋገርበት ጥንታዊ ቋንቋ አንድ የደከመ ሰው እረፍት ይለምናል፤ ሌላ ነገር የለውም። ሊያልቅ ሲል ግን ዜማው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣልና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚያ ያለውን ድምፅ በዚህ ቤት «ጣሪያው» ይሉታል። አባታቸው በሕይወቱ የገዛው ሙዚቃ ይህንኑ መዝሙር ብቻ ነው፤ ሦስት ታላላቅ ቴነሮች የዘመሩትን፣ ሦስት ሸክላ። በሽፋኖቹ ላይ የተጻፈውን የባዕድ አገር ስም ማንበብ ስላቃታቸው ለዘማሪዎቹ ራሳቸው ስም አወጡላቸው። አንዱ አልቃሹ ነው፤ ድምፁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይርገበገባል። ሁለተኛው ጥድፊያው ነው፤ ባቡር እንዳያመልጠው የፈራ ይመስላል። ሦስተኛው ዳኛው ነው። ዳኛው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ብረት ይጠነክራል፤ የደከመ ሰው ሳይሆን በደከመ ሰው ላይ የሚፈርድ ነው የሚመስለው።

ሶፋ አልባሹ ሳምንቱን ሙሉ ሦስቱን ሲያወዳድር ሰነበተ። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ወደ ጣሪያው ከመውጣታቸው በፊት የት እንደሚተነፍሱ። አልቃሹ ሁለት ቦታ ይተነፍሳል፤ ሁለተኛው ከለቅሶ ሳግ አይለይም። ጥድፊያው ሲተነፍስ አይሰማም፤ ጨርሶ የማይተነፍስ ሰው ነው። ዳኛው አንዴ፣ ረዘም አድርጎ ይስብና ዝም ይላል።

«ምን በልተው እንዳደጉ ባወቅሁ» አለ።

«እኛ የበላነውን ነዋ። እነሱ ከምግቡ በኋላ ይለማመዳሉ፣ አንተ ከምግቡ በኋላ ትተኛለህ።»

«አንቺ ሴት፣ ምላስሽን ስፊው።»

«ክሬ አይበቃም።»

ቀልዷ ነገሩን እንደማያቀልለው ሁለቱም ያውቃሉ። ጎረምሳ እያለ፣ ድምፁ ተለውጦ ከረጋ በኋላ፣ አባቱ ከፊቱ ተቀምጦ ዳኛውን ከፈተለትና አብሮት እንዲዘምር ነገረው። ጥሩ ጀመረ። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጠቀ። አባቱ አልተቆጣም፣ አልሳቀም። ተነሥቶ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሣው፣ በቃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶፋ አልባሹ ያንን መዝሙር ሰምቶት እንጂ ዘምሮት አያውቅም፤ ጓዱ ውስጥም ከኋላ ረድፍ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ጢሙ ሸብቷል። ዛሬ እምቢ ካለ ደግሞ የሚጠይቀው አይኖርም።

ዳኛው ዘምሮ ጨረሰ። እህቱ መኪናዋን አቁማ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«መሪያችሁ ጠዋት ይህን ላከችልኝ። አንተ ስልክ አታነሣማ። 'ይህን ያድምጥ፣ ምናልባት ይረዳው ይሆናል' ብላለች። የዳኛው ነው፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ ራሱ።»

ከፈተችው። ኦርጋኑ ጀመረ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ሶፋ አልባሹ ግንባሩን ቋጠረ።

«ይህማ ዳኛው አይደለም።»

«ፎቶውን እየው እንጂ።»

«ፎቶ አይዘምርም። የዚህ ሰው ድምፅ ወፍራም ነው፤ ቀስ ይላል፤ ደግሞ... ደክሞታል።» ጥቂት አደመጠ። «ወይም ሲያረጅ የዘመረው ይሆናል። ጣሪያው አልደርስ ሲለው መዝሙሩን ዝቅ አድርጎታል። ብልህ ነው። ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

«እንግዲያው አንተም ዝቅ አድርገው።»

«ሽማግሌ አይደለሁማ።»

እህቱ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት፣ ድምፁ ወደ ጣሪያው ሊወጣ አየር በሳበበት ቦታ፣ ከስልኩ ውስጥ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ።

ተያዩ።

ያንን ወንበር ያውቁታል። በዳኛው ሸክላ ላይ፣ ልክ ከጣሪያው በፊት፣ አንድ ሰው ተቀምጦበት ሲንቀሳቀስ የሚሰማ ወንበር አለ። ልጆች ሳሉ እሱን ይጠብቁና ሲመጣ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። አባታቸው ግን አይስቅም። «እግሩ ላልቷል፤ ሙጫ ይፈልጋል» ይል ነበር፣ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገር ይመስል።

«መልሺው» አለ ሶፋ አልባሹ።

መለሰችው። ዳኛው አየር ሳበ፣ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«አንድ ሰው በጎልማሳነቱና በሽምግልናው አንድ መዝሙር ቢዘምር» አለች እህቱ ቀስ ብላ፣ «ወንበሩም ሁለቴ፣ እዚያው ቦታ ላይ ይጮሃል?»

«ወንበር ኖታ አያነብም።»

«ስለዚህ ሁለቴ የተቀዳ አይደለም። አንድ ነው።»

ሶፋ አልባሹ ወደ ማጫወቻው ሄደ። መርፌውን አንሥቶ ሸክላው ላይ ወንበሩ ያለበትን ቦታ ፈለገ። ሲጢጥ። ዓይኑን ጨፍኖ እንደገና አስደገመው።

«ይህኛው ቀላል ወንበር ነው» አለ። «ቀጭን እግር፣ ደረቅ እንጨት። ድሮም እንደዚህ ነው የማስበው፤ በርጩማ ቢጤ። የስልክሽ ግን ከባድ ነው። ክንድ ያለው፣ ሰው የሚሰምጥበት። አንድ ወንበር ደግሞ ቀሎም ከብዶም አይሆንም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። አብረን እንክፈታቸው።»

ሁለቱንም ከመጀመሪያው አስነሡ። መርፌው ሲያርፍ እህቱ ስልኩን ነካች። ሁለት ኦርጋኖች በአንድ ላይ ገብተው ወዲያው ተጣሉ፤ ሱቁን ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ሞላው። ሸክላው ቀደመ፣ እየቆየም ርቆ ሄደ። የሸክላው ወንበር ሲጢጥ ብሎ ሲያበቃ የስልኩ ዳኛ ገና ከታች ደረጃውን ይወጣ ነበር።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች እህቱ። «ግን የትኛው ነው ጥፋተኛው? ሸክላው ቸኩሎ ነው ስልኩ ዘግይቶ?»

«ስልኩ ይሆናል። ዘመናዊ ነገር ሁሉ ይዋሻል።»

«ስልኩ አይከፈትም። ይህኛው ይከፈታል።»

ማጫወቻውን ከግድግዳው ነቀሉት። ሶፋ አልባሹ ሸክላው የሚቀመጥበትን ከባድ ሳህን በሁለት እጁ አነሣ። ከሥሩ የሞተሩ ትንሽ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ ወደ ሳህኑ የሚዞር አንድ የላስቲክ ቀበቶ፤ ሌላ ብዙ ነገር የለም። ላስቲኩን በጣቱ ፈቀቅ አድርጎ ዘንጉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

ዘንጉ ለብሶ ነበር። ዙሪያውን የገበር ጨርቅ በሙጫ ተጠቅልሎበታል፤ ጠርዙ መጋጠሚያው ላይ እንዳያብጥ በሰያፍ ተቆርጧል። እንደዚያ የሚቆርጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አባባ» አለች እህቱ።

«ላስቲኩ ይንሸራተት ነበር» አለ ሶፋ አልባሹ። «ትዝ ይልሻል? ዘፋኞቹ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይጎተቱ ነበር። አባባ ሠራው። ከዚያ 'አሁን ነቁ' አለን፤ እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር።» ጨርቁን በጥፍሩ ጫፍ ነካው። «ዘንጉ ወፈረ። ሲወፍር በየዙሩ ብዙ ላስቲክ ይስባል። ሳህኑ ይፈጥናል። ሳህኑ ሲፈጥን ድምፁም ከፍ ይላል።»

«ያኔ የዘመርክለት፣ ይህን ከመሥራቱ በፊት ነው በኋላ?»

ጥፍሩን ከጨርቁ ላይ አነሣ። ከዚያ «በኋላ» አለ። «በዚያው ሰሞን።»

የስፌት መኪናው ላይ የተተወው መጋረጃ ሸርተት ብሎ ወደቀ። ማንም አላነሣውም።

«አላወቀም» አለች እህቱ።

«አላወቀም። እኔስ ስንት ዘመን ሰማሁት፣ መቼ አወቅሁ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ሳትኖር ነበር የሚከፍተው። ታውቃለህ? ከዚያ ቀን በኋላ። 'ልጁ እንዳይከፋው' ይል ነበር። የእግርህን ኮቴ ሲሰማ ያጠፋዋል።»

ሶፋ አልባሹ ቀና ብሎ አያት። «እኔ ደግሞ እሱ ሳይኖር ነበር የምከፍተው።»

እህቱ ልትስቅም ልታለቅስም ትችል ነበር፤ የትኛውንም አላደረገችም። «ልንቀለው?» አለች።

«ንቀይው። ጥፍርሽ ከኔ ይሻላል።»

ሙጫው ደርቆ ስለነበር በአንድ ቁራጭ ወጣ። ሳህኑን መልሰው ሞከሩት፤ ላስቲኩ ድሮ እንዳደረገው ተንሸራተተ፣ ዳኛውም እንደ ሰካራም ተጎተተ። እህቱ ላስቲኩን አወለቀችና የሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመረችው። የላላ ላስቲክ ሲቀቀል ጥቂት ይሰበሰባል፤ የመኪናዋን ቀበቶም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

«ሻዩን ግን ማንቆርቆሪያውን ካጠብሽው በኋላ ነው የምጠጣው» አለ።

«ድምፅ ይጠርጋል።»

ላስቲኩ ቀዝቅዞ ሲገባ ዘንጉን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። እንደገና ሸክላውንና ስልኩን አብረው አስነሡ። ኦርጋኖቹ አልተጣሉም። ሁለቱ ዳኞች እኩል ሄዱ፣ እኩል አየር ሳቡ፤ ሁለቱ ወንበሮች እንደ አንድ ወንበር ሲጢጥ አሉ። ከባድ፣ ክንድ ያለው ወንበር። ጣሪያው ላይ የነበረው ብረትም የለም። የሚዘምረው ደክሞት ተቀምጦ እረፍት የሚለምን ሰው ነው።

ሶፋ አልባሹ ሚስማሩንም ሐኪሙንም ረስቶ ሌሎቹን ሸክላዎች አወጣ። አልቃሹ አላለቀሰም። ያ ሁሉ መርገብገብ ረዘም ያለ ለስላሳ ማዕበል ሆኖ ተገኘ፤ ሁለተኛው ትንፋሹም ትንፋሽ ብቻ ነው። ጥድፊያው ደግሞ ጊዜ ያለው ሰው ነበር። ይተነፍሳል፤ ቀስ ብሎ፣ ከቃሉ መሃል ሳይሆን ቃሉ ካለቀ በኋላ።

«አየሽ፣ እዚህ ጋ ነው የሚተነፍሰው» አለ ሶፋ አልባሹ። ሳምንቱን ሙሉ የፈለገው ይህ ነበር። «ስማቸውን አጥፍተናል።»

«ይቅርታ ልንጠይቃቸው ነው?»

«ስም እንቀይርላቸዋለን። በኋላ።» ዳኛውን መልሶ አስቀመጠ። እጁ መርፌው ላይ ቆየ። «እታለም፣ አንቺ አስነሺው።»

እሷ አስነሣችው። እሱ በቆዳው ጥቅልሎችና በስፖንጁ ክምር መካከል ቆሞ ጀመረ። መጀመሪያ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ነበር፤ ቀጥሎ አፉን ከፈተ። ዳኛው ወደ ላይ ሲሄድ ተከተለው። ጥድፊያው የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ተነፈሰ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ ወጣ።

ያማረ አልነበረም። ጣሪያው ላይ ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አንደኛው ጠርዙ ሻካራ ነበር። ግን አልተሰነጠቀም፤ ዳኛው እስኪወርድ ድረስ እዚያው ቆይቶ አብሮት ወረደ። እህቱ ከማጫወቻው አጠገብ ቆማ ነበር። እጇን ወደ መርፌው አልዘረጋችም። መርፌው መዝሙሩን ጨርሶ ባዶው ቦታ ላይ ጥቂት ከዞረ በኋላ በራሱ ቆመ።

«እ?» አለ ሶፋ አልባሹ።

«ላብህን ጥረግ» አለች። «ደግሞ ስልክህን አንሣ።»

ለመሪዋ ደወለ። «እኔ ነኝ» አለ። «እሑድ እዘምረዋለሁ... አዎ፣ እርስዎ በላኩልኝ ልክ፣ ከዚያ ከፍ ሳይል... ጣሪያው አያፈስም ብዬ ግን ቃል አልገባም።» መሪዋ ምን እንዳለች እህቱ አልሰማችም። ወንድሟ ግን ሲሰማ ቆይቶ «እሺ፣ ከፊት እቆማለሁ» አለ።

ስልኩን አስቀመጠና የሥራ ጠረጴዛውን አየ። የአባቱ የገበር ቁራጭ ከሐኪሙ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል፤ ዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ የኖረበትን ክብ ቅርጽ እንደያዘ። አንሥቶ በጣቱ ዘረጋው። ሲለቀው መልሶ ተጠቀለለ። የወንበሩ መቀመጫ ሥር፣ ገበሩ የሚገጥምበት አንድ ጥግ ላይ፣ ቁራጭ የምትሞላው ትንሽ ክፍተት ቀርታ ነበር። ለካት። ልክ ሆነች።

«ለሐኪሙ?» አለች እህቱ።

«ከፊት ረድፍ አጠገቡ ልቆም አይደል። የሚቀመጥበት ነገር ከቤታችን ይኑረው።»

ቁራጩን አስተካክሎ የቀሩትን ሚስማሮች አንድ በአንድ መታ። ወንበሩን በእግሩ አቆመው፣ በእጁ ተጭኖ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። ሲጢጥ አላለም። በሩ አጠገብ ወስዶ አስቀመጠው።