የአቶ ደግፌ ስም በስልኬ ላይ

አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰፈር፣ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋበትን ክፍል ኪራይ አከራዬ አቶ ደግፌ ለሁለት ዓመት ያራዘሙልኝ በቴሌግራም ነው። ከመልእክቱ ሥር ስማቸው አለ። አሁን ለግሮሰሪ ሊያከራዩት ነው መሰለኝ፣ «በወሩ መጨረሻ ልቀቂ፤ የፈረምኩልሽ ወረቀት የለም» አሉኝ። እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

ከልጄ ከፀሎት ጋር ወደ ኢርፋን ሄድን። የጎረቤቴ የአልፊያ ልጅ ነው፤ ጠበቃ ሆኗል። ቢሮው የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ሳይ ቆየሁ። የአቶ ደግፌ ሰው ቢኖርስ?

«እትዬ ዘነበወርቅ» አለኝ መልእክቱን አንብቦ፣ «የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ ውል በስልክ ስለተላከ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። ስም መጻፍ እንደ ፊርማ ይቆጠራል ወይ የሚለው ግን ያከራክራል። እዚያ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ለአገሮች በናሙናነት ያወጣውን ሞዴል ሕግ እጠቅሳለሁ።»

«ፈረንጅ የእኔን ክፍል የት አውቋት?»

«አያውቃትም። ግን የኛ ሕግ ሲረቀቅ እሱ ታይቷል። የኛው ግልጽ ሳይሆን ሲቀር፣ እዚያ ምን ለማለት እንደተፈለገ እናያለን። ዳኛው ባይገደድበትም ያየዋል።»

«ምን ይላል ታዲያ?»

«የግድ በእስክሪብቶ ይፈረም አይልም። የላከው ማን እንደሆነና በተጻፈው መስማማቱን ነው የሚፈልገው።»

«አቶ ደግፌ ‹ልጄ ነው የጻፈው› ቢሉስ?»

ኢርፋን መልእክቱን እንደገና ማንበብ ጀመረ። የፈራሁትም ይህንኑ ነበር።

ፀሎት ክንዴን ነካች። «እማዬ፣ አዝራር የምታስቀምጪበት ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን ወረቀት ንገሪው።»

አፈርኩ፤ ግን ነገርኩት። መልእክቱ የመጣ ዕለት ስልኩን አላመንኩትም፤ ቃል በቃል በወረቀት ገልብጬ፣ አጠገቤ ሱቅ ያላትን ዙቤዳን ለምስክርነት ይዤ፣ እንዲፈርሙልኝ አቶ ደግፌ ቤት ሄጄ ነበር። አልፈረሙም። ሳቁብኝ። «የጻፍኩልሽ እኔ፣ ስሜን ያስቀመጥኩት እኔ፤ ደግሞ ምን ልፈርም? አንቺ ሰው አታምኚም» አሉኝ።

ኢርፋን ቀና አለ። «መስማማታቸውን በአፋቸው ተናግረዋላ። ወረቀቱ ይቆይ፤ የሰማችውን ሴት ያምጡልኝ።»

ከፀሎት ጋር ወደ ዙቤዳ ሱቅ ስንሄድ ትክዳለች ብዬ ነበር፤ የሷም አከራይ አቶ ደግፌ ናቸው።

«ያኔ እኔም በሆዴ ስቄብሽ ነበር» አለችኝ። «ግን የኔንም ያራዘሙት በቴሌግራም ነው። ዛሬ ዝም ብል ነገ ተራው የኔ ነው። እመሰክራለሁ።»

«በወረቀት ጻፊልኝ።»

ጻፈች፤ ፈረመች።

«በስልክም ላኪልኝ። ስምሽን ከሥሩ አድርጊ።»

ዙቤዳ ወደ ፀሎት ዞረች። «እናትሽ አሁንም አላመነችኝም።»

አላመንኳትም። ስልኬ እስኪጮህ ከበሯ ላይ አልተነቃነቅኩም።