የማይረገጠው ዳርቻ

እሌኒ ሰው የሌለበት ውሃ ስትፈልግ ረፋዱ አለቀ። የደሴቱ ዙሪያ ሰው ብቻ ነው። ለንግሥ የመጣው ምእመን ዳሩን ሞልቶታል፤ ገሚሱ እግሩን ይታጠባል፣ ገሚሱ በጀሪካን ይቀዳል፣ ገሚሱ ደግሞ ሥራ አጥቶ ጣናን ያያል። እሷ የምትፈልገው ሞገድ ነው። አዎ፣ ሞገድ! ደብረ ታቦር ተወልዶ ላደገ ሰው ሞገድ ምን ያደርግለታል ትሉ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። ቤሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ስትሠራ፣ የአሠሪዋ ልጅ በስፖንጅ ሰሌዳ ላይ በደረት ተኝቶ ከሞገድ ጋር ወደ ዳር መብረርን አስተማረቻት፤ ስትመለስም ሰሌዳውን ሰጠቻት። ዛሬ በነጠላ ጠቅልላ አምጥታዋለች። እናቷ ወይዘሮ በለጠች ምንጣፍ መስሏቸዋል።

የምትፈራው አባቷን ነው። አቶ ገሰሰ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ በሥርዓት ቀልድ አያውቁም። የጉና ሥር ሰው ናቸውና ውሃም ነፍሳቸው አይወድም፤ ከወረታ ወርደው ጀልባ ሲሳፈሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የተሻገሩት። ልጃቸው በሰው ፊት ስትዋኝ ቢያዩ ጉድ ይፈላል። ደግነቱ በጠዋት በደሴቱ ጫፍ ወዳለው ገዳም ሄደዋል። ገዳሙ ሴት አይገባበትም፤ «እናንተ ከመንደሩ ንቅንቅ እንዳትሉ» ብለው እናትና ልጅን ትተዋቸው ነው የሄዱት።

ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሳ። ባለጀልባው ጌጡ «ከሰዓት ውሃው ይቆጣል፣ ማንም እንዳይገባ» ብሎ ስለነበር ሰዉ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሸሸ። እሷን ግን ጮቤ አስረገጣት! ከመንደሩ ጀርባ ማንም የሌለበት ጥግ አግኝታ ከነሱሪዋ ገባች። የመጀመሪያው ሞገድ ተሸክሞ ዳር አደረሳት። ብቻዋን ሳቀች። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ወይ ደስታ!

አራተኛው ዳር አላደረሳትም። ነፋሱ ዞሮ በጎን ይገፋት ጀመር። ቀና ስትል መንደሩ የለም፤ እግሯን ስትዘረጋ መሬት የለም። ሰሌዳውን አቅፋ በእግሯ ብትፈራገጥ ምንም ለውጥ አላመጣችም። «እመቤቴ አደራሽን» አለች። ክንዷ ዝሎ ሊለቅ ሲል ድንጋያማ ዳርቻ አየችና ከውሃው የወጣ አንድ ቋጥኝ ላይ ተጣበቀች። ዳርቻው ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። አባቷ ናቸው!

«አባባ! ይድረሱልኝ!»

አቶ ገሰሰ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጮኹ፦ «እንዳትወጪ! የገዳም መሬት ነው፣ ሴት አይረግጠውም! ልቀቂና በዚያ በኩል ዙሪ!»

እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? በየት በኩል ትዙር? ዳሩ አሥር ክንድ አይሞላም። ልጅቷ ግን የገሰሰ ልጅ ናት፤ ለቀቀች።

የሚቀጥለው ሞገድ ሰሌዳውን ነጥቋት ሄደ፤ እሷንም ገልብጦ ወደ ውስጥ መለሳት። ውሃ ዋጠች። ብቅ አለች፤ ደግሞ ሰጠመች። አባቴ እያየኝ ልሞት ነው ብላ አሰበች፤ ንድድ አላት እንጂ አላለቀሰችም።

እንደገና ብቅ ስትል አባቷ ዳር ላይ የሉም። ውሃው ውስጥ ናቸው፣ እስከ ደረታቸው። «ያዢኝ! ያዢኝ ልጄ!» ይላሉ፤ ማን ማንን እንደሚይዝ እግዜር ይወቀው። የጋቢያቸውን ጫፍ ወረወሩላት። በሁለተኛው ውርወራ ያዘችው፤ እየጎተቱ ቋጥኙ ጋ አደረሷት።

እዚያው ቆሙ። «ጀልባ ይመጣል» አሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ። ሞገዱ በመጣ ቁጥር አገጫቸውን ያልፋል።

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ይውጡ።»

«ዝም በይ!»

ጉልበታቸው ሲከዳ ይታወቃታል፤ ክብደታቸው እየለቀቀ ትከሻዋ ላይ እየመጣ ነው። ጀልባ የሚባል አይታይም።

በመጨረሻ አንድ መነኩሴ ከላይ ወረዱ። «ምን ጉድ ነው! ኧረ ውጡ እናንተ!»

«ሴት ናት፣ አባ። ልጄ ናት» አሉ አቶ ገሰሰ።

«ብትሆንስ? ሴት የማትገባው ከላይ ከቅጥሩ ወዲያ ነው! እዚህማ እናቶች ሁልጊዜ እየመጡ ይሳለማሉ። ማን ከለከላት?»

መነኩሴው እየደገፉ ሁለቱንም አወጧቸው።

ልጃቸውን ሲፈልጉ የነበሩት ወይዘሮ በለጠች ከጌጡና ከመንደሩ ሰዎች ጋር እያለከለኩ ደረሱ። «ልጄን! ማን ነው ልጄን እንዲህ ያደረጋት?»

እሌኒ «እኔው ነኝ፣ ሳልናገር ገብቼ» ልትል አፏን ስትከፍት አባቷ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ድንጋዩን ይዛ ነበር፤ ልቀቂ ያልኳት እኔ ነኝ። ማንንም ሳልጠይቅ።»

አባቷ ጥፋታቸውን ሲያምኑ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ተጠግታ እጃቸውን ያዘች። ቂሙም አለ፣ ፍቅሩም አለ። እጃቸውን ግን አለቀቀችም።