የሰው ጭድ አይደመጥም

ልብስ ንጽህና ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ካውያ» ነው የሚሏት። ልብስ ስለምትተኩስ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ ትግላለች፣ ለመብረድ ግን ጊዜ ይፈጅባታል። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ቤት ውስጥ ነገር ሲከር «ካውያዬ፣ ሶኬቱን ልንቀለው?» ይላታል። ደስ ካላት ትስቃለች፣ ካልሆነላት ዝም ትላለች። በዚህ ሰሞን ዝም ያለችበት በዝቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ገና ሊደርስ አራት እሁድ ሲቀረው እነሱ ቤት የሚያደርጉት ነገር አለ። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አራት ሻማ ያቆሙና በየእሁዱ ምሽት አንድ እየጨመሩ ያበራሉ። ከሻማዎቹ አጠገብ ባሏ ከሽቦ መጠቅለያ እንጨት የሠራት ትንሽ ግርግም ትቀመጣለች፣ ባዶዋን። የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል እስከ ገና ድረስ መሳቢያ ውስጥ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ ይተኛል። እስከዚያው መኝታውን የሚያለሰልሱለት ልጆቹ ናቸው፤ ሰው ደግ ነገር ሲያደርግላቸው አንድ ጭድ ይመዙና ማን ምን እንዳደረገላቸው ለግርግሟ በሹክሹክታ ነግረው ይጥሉባታል። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ካውያ ናት። ለራስ አይጣልም፤ ልጅ አንዴ ራሱን ማመስገን ከጀመረ ማን ያስቆመዋል? ደግሞም የሰው ጭድ አይደመጥም። ሌላው ሰው እስኪጨርሱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል።

ጥሩ ሕግ ነው፤ ለሚያከብረው።

በዚህ ዓመት ልብስ ንጽህና ቤቱ የሆቴሎችን ሥራ ተረከበ። በበዓል ሰሞን ሆቴል ማለት የጠረጴዛ ልብስ ማለት ነው፤ ሜዳ የሚያህል ነጭ ጨርቅ፣ ወይን የፈሰሰበት፣ ሻማ የቀለጠበት። ካውያን የከሰዓት ፈረቃ ላይ ጣሏት፣ እሁድንም ጨምረው። ቤቷ የምትገባው ልጆቹ ሊተኙ ሲሉ ሆነ። ደግነቱ (መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበር የምትለው) ደግነቱ የባሏ ታናሽ እህት ትሠራበት የነበረው ሱቅ ተዘግቶ እነሱ ጋ ተጠግታለች።

ልጆቹ «እቴቴ» ይሏታል። እቴቴ ከትምህርት ቤት ታመጣቸዋለች፣ እቴቴ ታጥባቸዋለች፣ የሻማውንም ነገር ይዛዋለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ፣ እጇ ቀልጠፍ ያለ ልጅ ናት፤ አንድ ጥፋት ፈልጉባት ብትባሉ ታጣላችሁ። ካውያን የሚያነዳትም ይኸው ነበር። መጥፎ ብትሆንማ በምን ዕድሏ!

መጀመሪያ ቀላል ነገር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ማሙሽ፣ ያ የአራት ዓመቱ፣ አፍንጫውን ልትጠርግለት ስትል ፊቱን አዙሮ «እቴቴ ትጥረግልኝ» አላት። አፍንጫ ነው እንግዲህ፤ ለአፍንጫ ተብሎ አይለቀስ። ሌላ ቀን ደግሞ ስድስት ዓመት የሞላት ሚጣ፣ ካውያ ፀጉሯን ስታበጥርላት፣ «እቴቴ እንዲህ አይደለም የምትከፍለው» አለቻት። ካውያ ማበጠሪያውን አስቀምጣ «እንግዲያው እቴቴሽ ጋ ሂጂ» አለች። ልጅቷ እውነት መስሏት ሄደች። እናት የሆነች ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለው ነገር ከጥፊ ይብሳል።

ሁለተኛው እሁድ ላይ ማሽኑ ተበላሸና ሠራተኛው ቀደም ብሎ ተለቀቀ። ካውያ በሩን ቀስ ብላ ከፍታ፣ ላስደንግጣቸው ብላ ጫማዋን አውልቃ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ውስጥ ሁለት ሻማ በርቷል። ማሙሽ ግርግሟ ላይ ተደፍቶ፣ ሹክሹክታ የሚባለውን ገና ስላልተካነ፣ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ ይንሾካሾካል።

«እቴቴ ጫማዬን አሰረችልኝ።»

ከዚያ ሚጣ ቀጠለች። ሌሊት ስታስል እቴቴ ውኃ አምጥታላት ኖሯል። ከዚያ እንደገና ማሙሽ፤ እቴቴ፣ እቴቴ፣ አሁንም እቴቴ። አባታቸው እንኳ አንዴ ተጠራ፣ ብስክሌት ስለጠገነ። ካውያ ጆሮዋን ልትደፍን ይገባት ነበር፤ ሕጉ የራሷ አይደል? አልደፈነችም። እስኪጨርሱ ድረስ ጫማዋን ታቅፋ፣ ስሟ አሁን ይጠራል፣ አሁን ይጠራል እያለች ቆመች። አልተጠራም። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች የተባለው ለእንዲህ ዓይነቷ ነው።

በዕረፍት ቀኗ ደግሞ ፉክክር ገባች። ኬክ ጋገረች፤ ሥሩ አረረ። ለመስኮቱ የሚሆን የወረቀት ኮከብ ገዝታ መጣች፤ ልጆቹ «ያምራል» ብለው ከእቴቴ ጋር የጀመሩትን ኮከብ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። መናፈሻ ወሰደቻቸው፤ ማሙሽ ተሰላችቶ «እቴቴ ለምን አልመጣችም?» አለ። ማታ ልጆቹ ወደ ግርግሟ ሲሄዱ ሕጉን ጠብቃ ፊቷን አዞረች፣ ልቧ ግን እዚያው ቀረ። ባሏ ሁኔታዋን አይቶ፣ «አንቺ፣ ልጅ ነው እኮ፤ ከሚያበላው ጋር ነው» አላት። ሊያጽናናት ነበር፣ መድኃኔ ዓለም ያሳያችሁ! «ታዲያ እኔ ማንን ላበላ ነው ስተኩስ የምውለው?» ብላው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። በማግስቱ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት አንሶላቸውን ሊወስዱ መጡና፣ በጨዋታ መሀል፣ ቤቱን የምትይዝላቸው እዚያው የምታድር ሴት እንደሚፈልጉ አነሱ።

«አለችኝ እንጂ፣ እትዬ» አለች ካውያ፣ አፏ ከልቧ ቀድሞ። «የባለቤቴ እህት። ታማኝ፣ ንጹሕ፣ እንግዳ አክባሪ።» አንዷንም አልዋሸች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሞልታ አመሰገነቻት።

«ጎሽ። ከገና በኋላ ትምጣልኝ፤ አሁን እንግዳም የለኝ፣ በዓሉን ከቤተሰቧ ጋር ትዋል።»

ካውያ የታጠፈውን አንሶላ እንደገና አጠፈች። «ቶሎ ብትጀምር ይሻላታል» አለች። «ሥራ ፈቶ መቀመጡ ከብዷታል። ቅዳሜ ትምጣ።»

ማታ ስትናገር ቤቱ በደስታ ተሞላ። ባሏ ግንባሯን ሳማት፤ «ለእህቴ እንዲህ ታስቢያለሽ ብዬ አላሰብኩም» አለ። እቴቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ግን ቅዳሜ? ከገና በፊት?» ስትል ካውያ «ምን ላድርግ፣ ሴትዮዋ ቸኩለዋል» አለች። አያችሁ? ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ቆመ። ማሙሽ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ፣ ሚጣ ደግሞ ኩርፊያዋን ይዛ አልጋ ሥር ገባች። እቴቴ ሁለቱንም አባብላ ሳመችና፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ወደ ጠረጴዛው ሄደች። አንድ ጭድ መዘዘች። ካውያ ያን ጊዜ እውነትም ላለመስማት ፊቷን አዞረች፣ ኩሽና ድረስም ሄደች፤ ግን ቤቱ ጠባብ ነው።

«የወንድሜ ሚስት እንጀራ ፈለገችልኝ» አለች እቴቴ ለግርግሟ። «ለእኔ ብላ በሰው ፊት ቆመችልኝ።»

ካውያ ስትናፍቀው የሰነበተችው ጭድ በመጨረሻ ተጣለላት። ቧንቧውን ከፍታ፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥብ ጀመር።

ለአራተኛው እሁድ ከአንዷ ባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያየረች። እንዳሰበችው ሁሉ ሆነ፤ ቤቱ የሷ፣ ሻማው የሷ፣ ልጆቹ ግራና ቀኝ። ባሏ ሥራ ላይ ነበር። ክብሪቱን ጫረችና ወደ መጀመሪያው ሻማ አስጠጋች።

«እንዲህ አይደለም» አለች ሚጣ።

«ደሞ ምን ሆነ?»

«ክብሪቱን ማሙሽ ነው የሚይዘው፣ አንቺ እጁን ትይዣለሽ። እቴቴ ሁልጊዜ ‹እናታችሁ ክብሪት ለታናሽ ነው የምትሰጠው፣ እሷ በሌለችበት እንዳናበላሽባት› ትላለች።»

እውነት ነው፤ የራሷ ሥርዓት ነበር። በቅናቱ ግርግር ረስታዋለች። ያቺ ልጅ ግን አልረሳችም፤ በየእሁዱ በዚህ ጠረጴዛ ዙሪያ የሌለችዋን እናት ስም ስታነሳ ሰንብታለች። ክብሪቱ ጣቷን ሲያቃጥላት ነው ካውያ የነቃችው።

«እማ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለ ማሙሽ።

«ጣቴን አቃጠለኝ።» ከዚያ መዋሸቱ ሰለቻት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁለቱንም አስጠጋቻቸው። «እቴቴ ከገና በኋላ ነበር መሄድ የነበረባት። ሴትዮዋ እንደዚያ ነበር ያሉት። ቅዳሜ ትምጣ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለች ሚጣ።

«እሷን ከእኔ አብልጣችሁ የወደዳችኋት ስለመሰለኝ።»

ሚጣ ይህን ትንሽ አሰበችበት። ልጅ ደግሞ ሲፈርድ እንደ ዳኛ አያመነታም። «እሷ ግን ጭድ ጥላልሻለች።»

«ጥላልኛለች።»

«ሳታውቅ ነዋ። ንገሪያት።»

ሻማው ሳይበራ፣ ካፖርት በካፖርት ላይ ደርበው ወጡ። ማረፊያው ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ነው። መንገዱ በዝናብ ረጥቧል፤ ካውያ አውቶቡሱ ውስጥ የምትለውን ስታዘጋጅ መጣች፣ በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ጠፋባት። ማሙሽ በእግሮቿ መሀል ሾልኮ እቴቴ ላይ ተጠመጠመ። አሁንም፣ በዚያች ደቂቃ እንኳ፣ ቅናቱ ጎኗን ወጋት። እንግዳ መቀበያው ባዶ ነበር፤ አንድ አምፖል፣ አንድ ሶፋ፣ ቁልፎች የተሰቀሉበት ሰሌዳ።

«እኔ ነኝ ያስቸኮልኩሽ» አለች ካውያ ሳትቀመጥ። «ሴትዮዋ አልቸኮሉም። ቀንቼብሽ ነው።»

እቴቴ ማሙሽን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «አውቃለሁ። እንደገባሁ ነው እትዬ ‹ምን አጣደፈሽ፣ ከገና በኋላ ብዬ አልነበር?› ያሉኝ።» ድምፅዋ እንደ ወትሮው ለስላሳ አልነበረም። «ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። ያንን ጭድ ተመልሼ ላነሳው ሁሉ አምሮኝ ነበር።»

«ብታነሽውም ሐቅሽ ነው።»

«ሐቄ ነው።» ከዚያ እቴቴ የማሙሽን ጫማ እየፈታች፣ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ብቻ የቀናሽ መስሎሻል?» አለች።

«አንቺ ደሞ በምን?»

«ማታ ማታ የበሩ ቁልፍ ሲሰማ። ተረት እየነገርኳቸው ነው፤ ማሙሽ ጭኔ ላይ ነው። ቁልፉ ቀጭ ሲል ሁለቱም ጥለውኝ ይሮጣሉ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ትዝ ይላቸዋል። አንድም ቀን ተረቱን አስጨርሰውኝ አያውቁም። አንቺ ከበሩ ወዲያ ስለሆንሽ አታይውም። እኔ ግን መጽሐፌን ይዤ እቀራለሁ፤ የራሴ ልጅ የለኝ፣ የራሴ ቤት የለኝ።»

ካውያ በየማታው የደከመ እግሯን እየጎተተች ስትገባ እግሯ ላይ የሚጠመጠሙባትን ቆጥራው አታውቅም ነበር፤ የሷ ስለሆነ። ወለሉ ላይ፣ እቴቴ እግር ሥር ቁጭ አለችና «ይቅር በይኝ» አለች።

«እልሻለሁ። ዛሬ ግን አይደለም» አለች እቴቴ። «ለገና ፈቃድ ሰጥተውኛል፤ መጥቼ እልሻለሁ።»

ሚጣ የሰሌዳውን ቁልፎች እየነካካች ስታንቀጫቅጭ፣ ማሙሽ እቴቴ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰደው። አፉን ከፍቶ፣ አንድ እጁ በሹራቧ ክር ተጠምዶ። የመጨረሻው አውቶቡስ ገና ነበር። እቴቴ ቀና ብላ ካውያን አየቻት፣ የልጁንም ጭንቅላት በጥንቃቄ ደገፍ አደረገች።

«ልስጥሽ?»

ካውያ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ መልሳ ሰበሰበችው።

«ተይው» አለች፣ እያመማትም ቢሆን። «እዚያው ይተኛ።»