የልብ መድኃኒት

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ወላጆች ቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበው ልጆቻቸውን ከኤችአይቪ፣ ከጫትና ከሺሻ ቤት እንዴት እንደሚጠብቁ ሲማሩ፣ ከሁሉም ፊት የምትቀመጠው ሎሚ ነበረች። እጅ በማውጣትም የሚቀድማት የለም። የምታስተምረው ነርስ ሲስተር ሰርክ ከልጅ ጋር በግልጽ መነጋገር ምን ይጠቅማል ብላ ስትጠይቅ፣ ሎሚ ብድግ ትልና በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ትላለች። ይጨበጨብላታል። አጠገቧ የምትቀመጠው የቸርች ጓደኛዋ ታደለችማ፣ አንቺ እኮ ነርስ መሆን ነበረብሽ እያለች ጎኗን ትጎሽማታለች።

ሲስተር ሰርክ ግን አታጨበጭብም። ምክንያቱን የሚያውቁት እሷና ሎሚ ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎሚ የምታሳድገው የወንድሟን ልጅ ሰኚን ነው። ወንድሟ ገረሱና ሚስቱ፣ ሰኚ ገና ፊደል ሳትቆጥር ተከታትለው አለፉ። ያኔ የበሽታው ስም አይጠራም። ለቀስተኛ ምን ሆነው ነው ሲል ሎሚ «ሳንባ ነው» አለች፤ ለቀስተኛውም እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ንፍሮውን ቆርጥሞ ሄደ። በ1997 ሰኚ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት እሷም ከሳች፣ አሳላት፤ ስትመረመር ከእናቷ ይዛው መወለዷ ታወቀ። ደግነቱ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ጀምሮ ነበርና ተረፈች። የምን መድኃኒት ነው ብላ ስትጠይቅ፣ ሎሚ የልብ ነው አለቻት። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ሌላ ምን ይባላል? እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድባትም።

ግን ልጅ ያድጋል እኮ! አሥራ ሁለት ሞላት፤ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን የምትሰጣት ሲስተር ሰርክ አሁን ይንገሯት አለች። ሎሚ፣ ሚኒስትሪ ትፈተንና አለች። ሚኒስትሪ ተፈተነች፣ አለፈች። ሎሚ ደግሞ ማትሪክ ትፈተንና አለች። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ልጅቷ አሥራ ሰባት ደፈነች። ሎሚ ክፉ ሆና አይደለም። ብታውቅ ትምህርቷን ትጥላለች፣ ጓደኞቿ ይሸሿታል ብላ ፈራች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ ያ የለቅሶ ቤት ውሸቷ አብሮ እንዳይወጣ አፍራ ነው። ስለዚህ ለመንገር ወኔ ስታጣ በር ጠባቂ ሆነች። ከጫት ቤቱ፣ ከሺሻ ቤቱ፣ ከሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ጠበቀቻት፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቸርች፣ በቃ። አደጋው ሁሉ ውጭ ያለ መሰላት።

አንድ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ሰኚ ከመዘምራኑ መሃል ወጥታ ማይክ ያዘች። ሎሚ ደነገጠች፤ ልጅቷ ምንም አልነገረቻትም ነበር። ሰኚ ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ በሽተኛ እንደነበረች ተናገረች። ጠዋትና ማታ ክኒን መዋጥ እንዴት እንዳስመረራት፣ እኩዮቿ ሲሮጡ እሷ ልቤ ይቆማል ብላ ጥግ ይዛ እንዳደገች ተናገረች።

«ጌታ እንደፈወሰኝ አምኜ ተቀበልኩ» አለች። «ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፣ አንድ ፍሬ አልዋጥኩም። ልቤ ደህና ነው።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ኪቦርድ የሚጫወተው የታደለች ልጅ ዮፍታሔ ዓይኑን እየጠረገ ዜማውን ጀመረ። ታደለች ሎሚን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ፣ ምነው ዝም አልሽ፣ እልል በይ እንጂ አለቻት። ሎሚም እልል አለች። ጠዋትና ማታ በእጇ የምታቀብላት ክኒን የት ሲደፋ እንደከረመ እያሰበች፣ እልል አለች። እንግዲህ እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ አየር እንቀበል ብላ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ቤታቸው የጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ ከወዲህ ሆነው ይማርህ ይሉታል፤ እዚያ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው ዳገት በባሕር ዛፉ መሃል ወጡ። ጠበል የያዙ ሰዎች ጄሪካን አንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ አንዳንዱ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሎሚ እንዲህ ያለ ሰው ስታይ ፊቷን ማዞር ልማዷ ነበር። ዛሬ ግን አላዞረችም፤ ገረሱም መጨረሻው ላይ እንዲሁ ነበር።

የወደቀ ግንድ ላይ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ነገረቻት፤ ወንድሟን ያለቀሰችበት ቋንቋ ነውና አማርኛው አልመጣላትም። እናትና አባቷ በምን እንደሞቱ፣ ክኒኑ ለምን እንደሆነ ነገረቻት። በሽታው ይዟቸው የሚሠሩ፣ የሚያገቡ፣ የሚወልዱ ብዙ እንዳሉ፣ ነገ ጠዋት ተነስተው ጤና ጣቢያ እንደሚሄዱ ነገረቻት። የቅዳሜውን ትምህርት አንድ ሳታስቀር ደገመችላት።

ሰኚ አላለቀሰችም። መሬት መሬቱን እያየች፣

«አዳዳ» አለች፤ አክስቷን በዚሁ ነው የምትጠራት። «ልቤ ታሞ አያውቅም?»

«አያውቅም።»

«መሮጥ እችል ነበር?»

«ትችዪ ነበር የኔ እናት።»

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው አልፈዋቸው ወረዱ። ሰኚ እስኪርቁ ጠበቀች።

«ዮፍታሔ ጠይቆኝ ነበር» አለች። «በሽታሽ ይተላለፋል ወይ ብሎ። የልብ በሽታ እንዴት ይተላለፋል ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ።»

ሎሚ ሌላ አልጠየቀችም። የልጅቷ አንገት መድፋት በቂ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በር ስትጠብቅ፣ ያ ልጅ መዝሙር እንለማመድ እያለ ኪቦርዱን ተሸክሞ በዚያው በር ሲገባና ሲወጣ ሻይ ታቀርብለት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ያለው ማን ነው? መጀመሪያ ምላሷ ላይ የመጣላት «ለማንም እንዳትነግሪ» የሚለው ነው። ልማድ ክፉ ነው! አፏን ስትከፍት ሰኚ ቀና ብላ አየቻት።

«ለእሱስ ምን እንበለው?» አለች። «ልብ ነው እንበለው?»

ሎሚ ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ የልጅቷን እጅ ያዘች። እስከ ታችኛው አስፋልት ወርደው በቀጥታ ወደ ታደለች ቤት ሄዱ።

ታደለች በሩን ከፍታ ስታያቸው ፊቷ በራ። የተፈወሰችው ልጄ መጣች ብላ ሰኚን አገላብጣ ሳመቻት፤ ዮፍታሔንም ና እንግዳ አለህ ብላ ከጓዳ ጠራችው። ልጁ ፈገግ ብሎ ብቅ አለ፤ ከሰኚ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ታደለች፣ በሩን ዝጊው» አለች ሎሚ። «ዮፍታሔም ይቀመጥ። የምነግራችሁ አለኝ።»

ታደለች ሌላ ምስክርነት የምትሰማ መስሏት፣ ሃሌሉያ እያለች በሩን ዘጋች።