የዘማርያም ጆሮ

«የታመመ ብረት በጆሮህ ስትፈውስ፣
ምነው ዛሬ ዝም አልክ እንዲህ ስናለቅስ!»

የሰፈሩ አልቃሽ እትዬ የኔነሽ ይህን ሙሾ ስታወርድ ድንኳኑ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ደረቷን መታች። ጸሐይወርቅም መታች። ባሏ ዘማርያም ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው፤ የሟች ሚስት ሙሾ ሲወርድ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። በሆዷ ግን ሌላ ነገር እያለች ነበር። «አይ የኔነሽ! በቁሙ እያለ አጠገቡ ብትጮኺም እኮ ግማሹን አይሰማሽም ነበር።»

ይህን በካርቱም ምድር የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ሟቹና እሷ።

ድንኳኑ የተተከለው አርካዊት ሰፈር፣ ከቤታቸው ደጃፍ፣ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ረክሻ ሁሉ እየተጠማዘዘ ያልፋል። በወንዶቹ በኩል ወሬው ያው የዘማርያም ጆሮ ነው። አንዱ «ከገዳሪፍ ደውለው በስልክ የሞተር ድምፅ ቢያሰሙት፣ ሁለተኛዋን ካንዴላ ለውጡ ብሎ መኪናዋ እዚያው ተነሣች» ይላል። ሌላው «ሁለተኛዋን አይደለም፣ አራተኛዋን ነው» ብሎ ይከራከራል። ያን ቀን ስልኩን ያነሣችው ጸሐይወርቅ ነበረች። የሰውየውን ችግር ለዘማርያም በወረቀት ጻፈችለት፣ እሱ ገመተ፣ ግምቱም ያዘለት። ከዚያ ወዲህ ሱዳኖቹ «ባሽሙሐንዲስ» ይሉት ጀመር፤ ዋና መሐንዲስ እንደማለት ነው። ሰው አንዴ ስም ካወጣልህ ምን ታደርጋለህ፣ ተሸክመኸው ትኖራለህ።

ከቀትር በፊት ያረጋል መጣ። ያረጋል ዘጠኝ ዓመት ከዘማርያም ጋር በአንድ ወርሻ፣ በአንድ ጋራዥ ማለት ነው፣ የሠራ መካኒክ ነው፤ ከእንግዲህ ወርሻውን የሚይዘውም እሱ ነው። በሴቶቹ በኩል አጎንብሶ ገባና ከጸሐይወርቅ አጠገብ ቁጢጥ አለ። እጁ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«አንተ፣ በሐዘን ቀን ሥራ ገባህ?» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ ጸሐይ? ያቺ መኪና እንቅልፍ ነሣችኝ። ጠዋት ሄጄ አስነሣኋት። ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ከዚያ በመሀለኛው ካርቡራቶር እሳት መለሰች። ቅንድቤ የተረፈው ለጥቂት ነው።»

«ነካካኸው እንዴ?»

«የሦስቱንም ብሎን ነካካሁ። እሱ ያደርገዋል ብዬ ያሰብኩትን ሁሉ አደረግሁ። ጆሮ የለኝማ!»

መኪናዋ የኡስታዝ ዳውድ ናት፤ እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አባታቸው በስልሳዎቹ የገዟት የእንግሊዝ ሥሪት፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተደረደረባት ረጅም መኪና። የራሷ ካርቡራቶር አንድ ነበር፤ ተበልቶ አለቀ፤ ምትኩ ካርቱምም ኦምዱርማንም ታጣ። ዘማርያም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሦስት ትንንሽ ካርቡራቶሮች ለቅሞ አመጣ፤ መቀመጫቸውን ከአሉሚኒየም አስቀርጾ ራሱ ሞረደው። «ስድስት ልጅ በአንድ ትሪ ከሚሻማ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየትሪያቸው ይብሉ» አለ። ሐሳቡ ደግ ነው። ጣጣው ሦስቱ እኩል መተንፈስ ያለባቸው መሆኑ ነው። አንዱ ከሌላው አብልጦ አየር ከሳበ ሞተሩ ያነክሳል፣ ያጨሳል። ማስተካከያው ደግሞ ጆሮ ነው። የጎማ ቱቦ ወስደህ አንዱን ጫፍ ካርቡራቶሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮህ ላይ ታደርጋለህ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት እስኪያፏጩ ድረስ ብሎኑን በትንሽ በትንሹ ታዞራለህ። ዘማርያም ሁሉን ገጥሞ ጨርሶ፣ ይህቺን ብቻ ለዓርብ አሳድሯት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ልቡ ቆመ።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ኡስታዝ ዳውድ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው መጡ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆመው ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው የሙታን ጸሎታቸውን ፋቲሓ አሉ፤ ሐበሾቹም ለምደውታልና መዳፋቸውን ዘረጉ። ከዚያ እስከ ጸሐይወርቅ ድረስ መጥተው «አል-በረካ ፊኩም» አሏት፤ እግዜር ያጽናችሁ እንደማለት ነው። ደህና ሰው ናቸው። ክፉ ሰው ቢሆኑማ ሰድቦ መገላገል ነበር።

«ልጄ፣ ስለ መኪናዋ እንዳትጨነቂ» አሉ በዐረብኛ። «ቅዳሜ ጠዋት አስጎትቼ እወስዳታለሁ። ሌላ ወርሻ ጠይቄ ነበር፤ ሦስት ካርቡራቶር ዕብደት ነው፣ አውልቀን የሌላ መኪና አንድ እንገጥምላታለን ብለውኛል። ማሌሽ፣ ምን ይደረጋል፤ ባሽሙሐንዲስ ሞክሯል፤ አላህ ነፍሱን ይማር።»

ጸሐይወርቅ «ሹክራን ያ ኡስታዝ» አለች፤ ሌላ ምን ትላለች? ግን «ሞክሯል» የምትለዋ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች። ሃያ ሁለት ዓመት ካርቱም ላይ ብረት ሲገጥም ኖሮ፣ የመጨረሻ ሥራው በገመድ እየተጎተተ ከወርሻው ሊወጣ ነው። ዛሬ ደረት የሚመታው ሰው ሁሉ ከነገ ወዲያ «ሲያረጅ ቀወሰ» ሊለው ነው። ይህ አናደዳት። ከሞቱ በላይ አናደዳት ቢባል ሰው አያምንም፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ጆሮው የሄደው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ወባ ይዞት መርፌ ሲወጋ ሰነበተ፤ ትኩሳቱ ሲለቀው በቀኝ ጆሮው ጭው የሚል ነገር ብቻ ቀረ። ግራው ተከተለ፤ እሱ ትንሽ ተረፈለት።

«ካወቁ ማን መኪናውን ይሰጠኛል?» አላት ያኔ። «ደንቆሮ መካኒክና ዕውር ሾፌር አንድ ናቸው።»

ከዚያ በኋላ ተራውን ሥራ በእጁ ይሠራው ነበር። መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ በንዝረቱ ያውቃል፤ የካንዴላውን ቀለም አይቶ ያውቃል። ጆሮ የሚጠይቀውን ሥራ ግን ለዓርብ ያሳድራል፤ ዓርብ ወርሻው ሁሉ ዝግ ነው። «ጸጥታ እፈልጋለሁ» ብሎ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል፤ ጸሐይወርቅ ምሳ ይዛ ትገባለች። ሰው «አቤት ፍቅራቸው!» ይላል። እሷ ግን ውስጥ ቱቦውን ጆሮዋ ላይ ደግና ታዳምጣለች፤ እሱ ካቻቢቴውን ይዞ ያዞራል፤ ሲስተካከል በግራ ጆሮው በኩል ተጠግታ ትጮህለታለች። መጀመሪያ ሰሞን ፉጨቱ ሁሉ አንድ ይመስላት ነበር። አንድ ዓርብ ተበሳጭታ ቱቦውን ወረወረችበት።

«ሽሮው ሊገነፍል ሲል ሳሎን ተቀምጠሽ ታውቂ የለ? በዚያው ጆሮ ስሚው» አላት።

ተናደደች፤ ከዚያ ሳቀች። እየቆየ ሥራውን ወደደችው፤ ይህን ለእሱም ነግራው አታውቅም። ሐሙስ ማታ ላይ የነገው ሥራ ምን እንደሆነ እየጠየቀች ትቁነጠነጥ ነበር።

አሁን ዝም ካለች መኪናዋ ትጎተታለች። ከተናገረች ደግሞ ሀገር የሚያለቅስለት ጆሮ የእሱ አልነበረም ማለት ነው። ሐሙስ የሚመጣውን ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ይህን ስታወጣና ስታወርድ አመሸች።

ዓርብ ሳልስቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ አልቆ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሊመለስ ሲል፣ ጸሐይወርቅ እትዬ የኔነሽን በክንዷ ያዘቻት።

«እኔ ወርሻ ደርሼ እመጣለሁ።»

«ምን? ምን ነክቶሽ ነው አንቺ! ሐዘን ቤት ጥለሽ? ሰው ምን ይላል?»

«የሥራ ልብሱን ላመጣ ነው።»

«ሰው ይላካላ!»

«የባሌን ልብስ ሌላ ሰው አይነካውም።»

የኔነሽ አየቻት፣ አየቻትና «ይሁን፤ ሐዘን ያዞራል» ብላ ለቀቀቻት። ያረጋል ቁልፉን ይዞ በረክሻ አብሯት ሄደ። ልብስ ልታመጣ ነው ብሎ ነው እሱም።

ወርሻው ሲገቡ «በሩን ከውስጥ ቀርቅረው» አለችው። ቀረቀረ። መኪናዋ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች፤ ሦስቱ ካርቡራቶሮች ተሰልፈዋል።

«ዘማርያም አይሰማም ነበር» አለችው።

«ምኑን?»

«ምኑንም። አሥራ አንድ ዓመት። ዓርብ ዓርብ እኔ ነበርኩ የምሰማለት።»

ያረጋል ሊስቅ ጀመረ፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ያገኘው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

«እኔ እኮ አስተምረኝ ብዬ ለምኜዋለሁ» አለ። «በእመቤቴ ስም ለምኜዋለሁ! ጆሮ ይዘውት ይወለዳሉ እንጂ አይማሩትም አለኝ። እኔም አምኜ ዘጠኝ ዓመት ራሴን እንደ ጎደሎ ስቆጥር ኖርኩ።»  «ደግሞ ሰላም ስለው ዝም ብሎኝ ሲያልፍ፣ ኮርቷል እያልኩ ስንት ቦታ አምቼዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ጸሐይወርቅ። «የምሰማው እኔ ነኝ አልኩህ።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«ታዲያ ለሰው ምን ልበል?»

«ምንም። ነገ ኡስታዝ ዳውድ ሲመጡ፣ ጨርሷት ነው የሄደው በላቸው።»

«ልዋሽ?»

«የቱ ጋ ነው ውሸቱ? ቀርጾ የገጠመው እሱ ነው። እኔም ሁልጊዜ ነበርኩ። አሁን ያላ፣ ካቻቢቴውን ያዝ። ትናንት ነካክተኸዋልና ከዜሮ ነው የምንጀምረው፤ እግዜር ይይልህ።»

የሦስቱንም ብሎን እስከ መጨረሻው አስዘጋችው፤ ከዚያ አንድ ተኩል፣ አንድ ተኩል ዙር አስከፈተችው። ሞተሩ ተነሣ። ያነክሳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወርሻው በጭስ ጠቆረ። ጸሐይወርቅ ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ወደ ኋላ ገፍታ ቱቦውን ደገነች። የፊተኛው ደህና ነው። መሀለኛው ከሁለቱ ድርሻ እየዘረፈ ያፏጫል። የኋለኛው ትንፋሹ ሊጠፋ ነው።

«መሀለኛውን ዝጋ። ሩብ ዙር። በዛ! መልስ!»

የያረጋል እጅ ከባድ ነው፤ ዘማርያም በሁለት ጣቱ የሚያደርገውን እሱ በክንዱ ያደርገዋል።

«የጎማ ብሎን አይደለም እኮ የምታጠብቀው! በጣትህ! ቀስ!»

አሁን ያ ሌላ እጅ ናፈቃት፤ በደንብ ናፈቃት። ሁለት ጊዜ ሞተሩ ግሎ አጠፉት፣ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁ፣ እንደገና አስነሡት። ያረጋል ላቡ በአፍንጫው ይንጠባጠባል። በሦስተኛው ላይ ጭሱ እየሳሳ ሄደ። የኋለኛው ትንፋሹን አገኘ። መንቀጥቀጡ ተወ።

ጸሐይወርቅ ቱቦውን ከፊተኛው ወደ መሀለኛው፣ ከመሀለኛው ወደ ኋለኛው አዛወረች። መልሳ አዛወረች። ሦስቱም አንድ ዓይነት ያፏጫሉ። ያረጋል ግን ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ ተክሎ ገና እንዳጎነበሰ ነው። እንዳያበላሸው ቸኮለችና በግራ ጆሮው በኩል ተጠግታ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፤

«በቃ! ተወው! ደርሷል!»

ያረጋል ደንግጦ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ሞተሩ ሚኒሞው ላይ ተረጋግቶ በዝግታ እየዞረ ነበርና፣ ጩኸቷ ወርሻውን ሞላው።

«ኧረ እትዬ ጸሐይ!» አለ ጆሮውን እያሸ። «እኔ እኮ እሰማለሁ።»

 በቅባት በጠቆረ መዳፏ አፏን ከደነች፣ መሬቱ ላይም ቀስ ብላ ቁጭ አለች።