የቀኙ ሾክ

«ምቺው እንጂ! ለማን ነው የምታዝኚለት?»

ልጅቷ ከአሮጌዋ ጂፕ ሥር በጀርባዋ ተንጋላ መዶሻውን የመፍቻው እጀታ ላይ አሳረፈችው። የዝገት ብናኝ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ሾኩን የያዘው ዳዶ ንቅንቅ አላለም።

«አባዬ፣ ይሄ ዳዶ አንተን ነው የወጣው። ካልለመኑት አይነቃነቅም።»

«እኔ እንኳ ስለመን እሺ እላለሁ። ናፍጣ ጨምሪበት፣ ትንሽ ተዪውና እንደገና ሞክሪ።»

አባቷ ውጭ ቁጢጥ ብሏል፤ ከሥር ሆና የሚታያት ጫማው ብቻ ነው። ናፍጣውን ጨመረች፣ ጠበቀች፣ መታች። በመጨረሻ ዳዶው እየጮኸ ለቀቀና የግራው የኋላ ሾክ አብዞርበር ደረቷ ላይ ወደቀ። ዘይቱን ተፍቶ ጨርሷል፤ ሲገፉት ያለ ምንም ትግል ይገባል፣ ሲስቡት ይወጣል። የብስክሌት መንፊያ ከሱ ይሻላል። ጂፗ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር እንደ ፍየል የምትዘለው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ገበያ በሚያወርደው ቁልቁለት ከኋላ የሚሳፈሩት ነጋዴ ሴቶች አናታቸው ጣሪያ ይመታል፤ ኩርባው ላይ ደግሞ ጂፗ ቂጧን ወደ ገደሉ ትወረውራለች።

ነጋዴው ከላካቸው ሁለት አዲስ ሾኮች አንዱን አብረው ገጠሙት።

«ጨርሰሽ እንዳታጠብቂ» አለ አባቷ። «ጎማዋ መሬት ነክቶ ክብደቷ ሲያርፍ ነው የሚጠብቀው። አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ይበጣጠሳል።»

«አውቃለሁ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም። ስወለድም አውቀው ነበር።»

አባቷ ከልቡ ሳቀ። እሷም ደስ አላት። ስለ ጎሚኒ፣ ስለ አንዲት የጎማ ቀለበት፣ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው አንዳንዴ የቤቱን በር ቢስት ምን ይደንቃል? ትናንት የጎረቤት በር ላይ ቆሞ፣ የገዛ ቁልፉ አልገባ ብሎት ከመዝጊያው ጋር ሲጣላ ስታገኘው ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነበር።

«የቀኙ የኔ ነው፣ አለቃ» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። «አንቺ ክብርሽን ጠብቀሽ ቁሚ።»

እሱ ከሥር ሲገባ የግቢው በር ተንኳኳ። ከጂፗ ደንበኞች አንዷ፣ ቲማቲም ነጋዴዋ ነበረች።

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ትወጣለች?»

«ለምን አትወጣም፣ እትዬ? ሾክ እየተቀየረላት ነው። ነገ እንቅልፋችሁን እየለጠጣችሁ ነው የምትወርዱት።»

ሴትዮዋ ወደ ጂፗ አየት አደረገችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ስለ መኪናዋ አይደለም የመጣሁት። ስለ አባትሽ ነው።»

«አባቴ ምን ሆነ?»

«ባለፈው ቁልቁለቱ መሀል አቆሙን። የተበላሸ ነገር ያለ መስሎን ዝም አልን። ዞር አሉና ‹ወዴት ነበር የምትሄዱት?› አሉን። ያውም በዚያ ስንት ዘመን በተመላለሱበት መንገድ!»

«ቀልዱን ነዋ! አባቴ ሲቀልድ ፊቱ እንደማይስቅ አታውቂም እንዴ?»

«እኛማ ስቀን ነበር። እሳቸው አልሳቁም።»

ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «ካልተመቸሽ በእግርሽ ውረጂ። ቁልቁለቱ ለወገብሽም ጥሩ ነው።»

«ወገቤን ተይው፣ ምላስሽን ሰብስቢ። ነገ ልጄም አብራኝ ናት፤ እርጉዝ ናት። እውነቱን ንገሪኝ ብዬ እንጂ ልሰደብ አልመጣሁም።»

«እውነቱን ነገርኩሽ። አባቴ ጤነኛ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አየቻት። «እንግዲህ ያንቺን ቃል ይዤ ነው የምሳፈረው» ብላ ሄደች።

ልጅቷ ስትመለስ አባቷ ጎማውን ገጥሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«አንቺ ወሬ ስትሰልቂ እኔ ጨረስኩ!»

ግድግዳው ሥር፣ ከነላስቲኩ፣ አዲሱ ሾክ ተደግፎ ቆሟል። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። በቀኝ በኩል የነበረውን፣ እሱም ዘይቱን የተፋውን አሮጌ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ገጥሞታል። አገጣጠሙ እንከን የለውም። ጎሚኒዎቹ በየቦታቸው ናቸው፤ ዳዶውም ልክ እንደ ደንቡ ጨርሶ አልጠበቀም።

«አባዬ፣ ግድግዳው ሥር ያለው ምንድን ነው?»

ዞር ብሎ አየውና ፊቱ በራ። «ትርፍ ልከውልናል! ነጋዴ ለኛ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ዝም በይ፣ እንዳትመልሺ።»

ፊቱን አየችው። ቀልድ ፈለገችበት፤ ከዓይኑም ከከንፈሩም ፈለገች። የለም።

«ግባና ታጠብ» አለችው። «መሣሪያውን እኔ እሰበስባለሁ።»

እሱ ሲገባ ጂፗን እንደገና በክሪክ አነሳች፣ ጎማውን ፈታች፣ ከሥር ገባች። ዳዶው አሁን አላስቸገራትም፤ ገና አሁን የተፈታ ነው። አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ስታስገባ እጇ ይፈጥናል፤ ሳይመጣ መጨረስ አለባት። ማንም አያውቅም። ነገ እንደ ወትሮው መሪውን ይይዛል፣ ሴቶቹ ይሳፈራሉ፣ እርጉዟም ትሳፈራለች።

መፍቻው እጇ ላይ እንዳለ ቆመ። የተሳሳተ ሾክ ከሥር ገብታ ትቀይራለች። ኩርባው ላይ ፍሬኑን ትቶ ፍሪሲዮኑን ቢረግጥ በየትኛው መፍቻ ትደርስለታለች? እሷ መንጃ ፈቃድ አላት፤ ያን ቁልቁለት ግን አባቷ አጠገቧ ሳይቀመጥ ወርዳው አታውቅም።

ሾኩን ገጥማ፣ ጎማውን መልሳ፣ ጂፗን መሬት አሳርፋ የሁለቱንም ወገን ዳዶ እስኪበቃው አጠበቀች።

አባቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ የሞተሩን ቁልፍ እያሽከረከረ ሲወጣ፣ እሷ ጋቢና ውስጥ፣ መሪው ፊት ተቀምጣለች።

«በይ ውረጂ፣ ልሞክራት።»

«እኔ ልሞክራት።»

«ሞክሪያት። ነገ የኔው ናት።»

«ነገም እኔ ነኝ፣ አባዬ። አንተ አጠገቤ ትቀመጣለህ። ስሳሳት ትቆጣኛለህ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ማን ምን አለሽ?»

ቁጣው አፉ ላይ እንደደረሰ ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ። ግድግዳው ሥር ምንም የለም። ወደ መሬቱ ተመለሰ፤ ሁለቱ አሮጌ ሾኮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ከዚያ የልጁን እጅ አየ፤ እስከ ክርኑ ጠቁሯል።

«ትርፉስ?» አለ፤ ድምፁ አነሰ።

«ቦታው ገባ።»

ቁልፉ ጣቱ ላይ መሽከርከሩን አቆመ። አልሰጣትም፤ ኪሱም አልከተተውም። ልጅቷ አንድ እጇን በመስኮቱ አውጥታ፣ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀች። በሌላው እጇ ከወንበሩ ሥር ያለውን ማንሻ ፈለገች። ዝጓል፤ እሷ ስትነዳም ወንበሩ በሱ ልክ እንደቆመ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ሳበችውና፣ እግሯ ፍሬኑ ላይ በደንብ እስኪደርስ ወንበሩን ወደ ፊት አመጣችው።